ሃያ ዘጠነኛው ትምህርት

እህቴ ከሞተች ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ሰማኋት።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ተመሳስሎብኝ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። አንዷ እህቴ ሳትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች፣ ሦስተኛዋ ከኋላ ትደርሳለች፤ ሁሉም በምናስተምረው በባዕድ ቋንቋ፣ ሁሉም በዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ በሚያስቀምጥ የክፍል ድምፅዋ። እኔ ደንጋጣ ሴት አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሲያስተምር የኖረ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ያልቅበታል። ያን ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ድምፁ የሚመጣው ከድሮው የማዳመጫ ክፍል ነበር። እዚያ በጣውላ የተከለሉ አሥራ ሁለት መቀመጫዎች አሉ፤ እኛ መምህራኑ «ሳጥኖቹ» እንላቸዋለን። በየሳጥኑ አዲስ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፣ የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ደግሞ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ሽቦ ይጎትታል። አንገቱ ላይ ገመድ ሳይጠመጥም ታይቶ ስለማያውቅ ስሙን ትተን «ገመዱ» ነው የምንለው።

«ቲቸር፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለ ቀና ብሎ።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

ጠየቅኩ እንጂ መልሱን ከእሱ የበለጠ አውቀው ነበር። ገመዱ ፊቱ ልውጥ አለ። «ዳይሬክተሩ አልነገሩዎትም?»

ዳይሬክተራችን የነገረኝ ሌላ ነው። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ያኔም ወሬ ይወድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ጠርቶ «ከእንግዲህ የትምህርቱ ማዕከል ተማሪው ነው፤ እናንተ አመቻቾች ናችሁ» አለን። «ምኑን ነው የምናመቻቸው? ወንበሩን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ስለ አዲሱ ዘዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ፣ ማሽኑ የሚናገረው በእህቴ ድምፅ መሆኑን ለመንገር አንድ ደቂቃ አላገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እህቴና እኔ ለጀማሪዎች ሠላሳ ትምህርት በካሴት ቀርፀን ነበር። ስቱዲዮ የሚባል ነገር ስላልነበረን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫዋን ክፍል ባዶ አድርገን፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍነን፣ በላብ ተጠምቀን ነው የሠራነው። እሷ ትጠይቃለች። ከዚያ ተማሪው እንዲመልስ ዝም እንላለን። ከዚያ እኔ ትክክለኛውን መልስ እሰጣለሁ። ዝምታውን የምትለካው እህቴ ነበረች፤ በጣቷ ቀለበት ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋ አምስት ጊዜ ትመታለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አይሰማም ብለን ነበር። ካሴቱ ግን አንድም አላመለጠውም።

አዲሱ ዘዴ ያን ካሴት ቆራርጦ እህቴን አስቀረ፣ እኔን ጣለኝ። አሁን ተማሪው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እህቴ ትጠይቀዋለች፣ ቀለበቷ አምስት ጊዜ ይመታል፣ ተማሪው ይመልሳል። ማሽኑ ይሰማዋል። ልክ ከሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያሳልፈዋል። ካልሆነ ደግሞ እህቴ ለማበረታቻ ብላ አንድ ቀን የተናገረችውን ዓረፍተ ነገር እያነሣ ይደግምለታል፤ «እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።» መቶ ጊዜ ቢሳሳት መቶ ጊዜ፣ በዚያው ለዛ፣ በዚያው ትዕግሥት። በሕይወት ያለሁት እኔ ተቆርጬ ወጣሁ፣ የሞተችው እሷ ሥራዋን ቀጠለች። ተናደድኩ። አልዋሽም፣ ቀናሁም።

እህቴ ትታልኝ የሄደችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ከቅጥነቷ የተነሣ እናቷ ያወጣችላት «ጭራሮ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የእናቷን ቀለበት አውራ ጣቷ ላይ ታደርገዋለች፣ በሌላው ጣቷ አይቆምላትም። በዚያ ሰሞን፣ የምናስተምረው ቋንቋ ከሚነገርበት አገር አንድ የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ተቀብሏት ደብዳቤው መጥቶ ነበር። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍነው፤ ውሃ ልጠጣ ባልኩ ቁጥር ቆሜ አነበዋለሁ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የጀማሪውን ደረጃ የማለፊያ ወረቀት እስከ ቀጣዩ ወር መጨረሻ መላክ። ካልላከች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ አሁን ማሽኑ ነው። ሠላሳኛውን ትምህርት የጨረሰ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ስሙ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይዛወራል። እዚያ የሚናገረው ተገዝቶ የመጣ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ነው። ወደ መጀመሪያው ደረጃ መመለስ የለም።

«የእናትሽ ድምፅ ነው፤ እንዳይከብድሽ» አልኳት ከመጀመሯ በፊት።

«አይከብደኝም» አለች።

እውነትም አልከበዳትም። ሌሎቹ ተማሪዎች አምስተኛውና ስድስተኛው ትምህርት ላይ ሲንፏቀቁ እሷ በሁለት ሳምንት ሃያ ስምንቱን ጨረሰች። በአስተማሪዎች ክፍል ጉራዬን ስነዛ ሰነበትኩ። ከዚያ ሃያ ዘጠነኛው ላይ ቀጥ አለች። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ምሳ በልታ ሳጥን ቁጥር ሰባት ትገባለች፣ ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲመጣ ትወጣለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ከባድ ነው» ትለኛለች።

ቤት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ልብስ እያጠፍኩ ከወጥ ቤት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ሰማሁ። አንሶላውን እንደያዝኩ ሄድኩ። ጭራሮ ናት። ሻይ ጥዳ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፤ አምስት ትመታና ታቆማለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፣ እንደገና አምስት ትመታለች። ውሃው ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል።

«ተይ እሱን ነገር!» ብዬ ጮህኩባት።

ደንግጣ እጇን አየችው። ምን ስታደርግ እንደነበር እንኳ አላወቀችም።

ጥፋቱን በሙሉ ማሽኑ ላይ ጣልኩት። ሰኞ ዕለት ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ይሄ ዘዴ አይሠራም፣ ልክ የተመለሰውን ይጥላል፣ ልጅቷን ወደ ኋላ እያስቀራት ነው ብዬ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ምናልባት ችግሩ ከተማሪዋ ይሆናል፤ ማስረጃ ያምጡ» አለኝ።

«ያቺ ልጅ ቋንቋውን ካንተ በላይ ትናገራለች! ማስረጃ ነው? አመጣልሃለሁ!»

ማስረጃው ገመዱ ጋ ነበር። ማሽኑ እያንዳንዱ ተማሪ የመለሰውን ሁሉ ይዞ ያስቀምጣል። የጭራሮን ክፈትልኝ ስለው እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ቲቸር፣ ይሄንን ባይሰሙት ይሻላል።»

«ክፈተው።»

«እኔ በስህተት ነው የሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ክፈተው አልኩህ!»

ከፍቶልኝ፣ ማዳመጫውን ሰጥቶኝ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ከውጭ የዕረፍት ሰዓት ጫጫታ ይሰማል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ጫጫታው ጠፋና የዚያች የጽዳት ዕቃ ክፍል ዝምታ መጣ። ፍራሾቹ ሳይቀር የሸተቱኝ መሰለኝ።

ሃያ ስምንቱ ላይ አንድም ስህተት የለም። ሃያ ዘጠነኛውም እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ የጠራ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ነው፤ እህቴ «እቤት ማን ይጠብቅሻል?» ትላለች። ቀለበቷ አምስት ጊዜ ይመታል። ጭራሮ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ብላ መለሰች።

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

«ዝናብ እየዘነበ ነው።»

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

መጀመሪያ ስቄ ነበር። ከዚያ ጭራሮ ባዕዱን ቋንቋ ተወችውና በራሳችን ቋንቋ መናገር ጀመረች።

«እማዬ፣ ዛሬ ጥርሴን አመመኝ።»

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

«አክስቴ ስኳሯ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ጣፋጭ ተይ ብሏት ብስኩቱን መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃ ትበላለች። የማላውቅ ይመስላታል።»

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

«እኔ ብሄድ ማን ያናግርሻል?»

«እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን።»

የሦስት ሳምንት ቅጂ ነው። ሁሉንም አልሰማሁም፣ የምችለውን ያህል ሰማሁ። ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ጭራሮ መናገሩንም ትታዋለች። እናቷ ትጠይቃለች፣ የእናቷ ቀለበት አምስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ ያው ቀለበት፣ አሁን የልጅቷ አውራ ጣት ላይ ያለው፣ ሳጥኑን አምስት ጊዜ ይመታል። እናቲቱ «ጊዜ አለን» ትላለች። እንደገና ይመታሉ፣ አንዴ እሷ፣ አንዴ ልጇ። ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ልጆች ከውጭ እየሳቁ፣ እኔ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዤ ተቀምጬ ነበር።

ገመዱ ሲመለስ ማዳመጫውን መለስኩለት። እሱ ግን ጨንቆት «የሠላሳኛውን መጨረሻ አላጸዳሁትም ቲቸር፣ ቀኑ አጠረኝ። እስካሁን የደረሰበት ሰው ስለሌለ ነው» አለኝ፤ የማመልከቻዬ ነገር እሱንም የሚነካው መስሎት። ሠላሳኛውን አስታወስኩ፤ ማለትም ጠቡን አስታወስኩ። ስንብቱን አጣድፋ አበላሸችው፣ ይደገም አልኳት፣ ጥላኝ ወጣች። አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያታለሁ።

በማግስቱ ምሳ ላይ «ሃያ ዘጠነኛውን ሰማሁት» አልኳት።

የጭራሮ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «የቱን?»

«የጥርስሽን። የብስኩቴን።»

አንገቷን ደፋች። ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለውን ደብዳቤ በአገጬ አሳየኋት።

«ሦስት ቀን ነው የቀረሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ቦታውን ለሌላ ቢሰጡትስ?»

«ይስጡት።»

«እናትሽ ይሄን ብትሰማ ምን ትላለች?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«እንደገና እንሞክር፣ ጊዜ አለን ትላለች!» ብላ ጮኸች፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ። «እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም፣ አክስቴ። አንድ ቀን! ቶሎ በይ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ረፈደብኝ፣ እሱን ነው የማውቀው። ከትምህርት ቤት ስትወስደኝ ሁሌ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ሁሉ ሄደው፣ እኔ ከዘበኛው ጋር በር ላይ። ለተማሪዎቿ ግን ጊዜ ነበራት። አሁን እኔም ተማሪዋ ነኝ።»

እህቴ ደግ ሰው ነበረች፤ ግን ደግነቷን ክፍል ውስጥ ጨርሳ ነው ቤት የምትገባው። ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ካሴቶቹ አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከሞተች ጀምሮ ከፍቼያቸው አላውቅም። «ይዘሻቸው ሂጂ። ስትፈልጊ ትሰሚያታለሽ።»

«ካሴቱ ላይ የምትመልሺላት አንቺ ነሽ» አለች። «ሳጥኑ ውስጥ እኔ ነኝ።»

ወጡ ሰሃኑ ላይ ቀዘቀዘ። ይቺን ልጅ በቁጣ ከዚያ ሳጥን እንደማላወጣት ገባኝ። እናቷ ይዛታለች፤ ከእናቷ እጅ ሊወስዳት የሚችለው እናቷ ብቻ ናት።

«ሠላሳኛውን ሰምተሽው አታውቂም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሃያ ደቂቃ ነው። እናትሽ አንቺ ያልሰማሽው ሃያ ደቂቃ አላት እዚያ ውስጥ። ሃያ ዘጠኝን ካላለፍሽ ግን አታገኚውም።»

«ምን ትላለች?»

«አላስታውስም። ተጣልተን ነበር።»

አውራ ጣቷ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አልመታችም። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ያልቃል፣ የኔ ልጅ።»

«አብረሽኝ ትገቢያለሽ?» አለችኝ፣ በስድስት ዓመቷ ጥርሷን ልታስነቅል ስትሄድ እንደጠየቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥን ቁጥር ሰባት ገባን። ገመዱ ሁለተኛ ማዳመጫ ሰካልኝና በሩን ዘግቶ ወጣ። ሳጥኑ የተሠራው ለአንድ ሰው፣ ያውም ለጭራሮ ዓይነት ሰው ስለሆነ ግማሽ ጎኔ ውጪ ቀረ። ጭራሮ እጄን ያዘች። መዳፏ ላብ በላብ ነበር።

«እቤት ማን ይጠብቅሻል?» አለች እህቴ።

ጠቅ፣ ጠቅ። ያን ጊዜ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፣ «እህቴ ትጠብቀኛለች» ብዬ። አፌ ራሱ ሊከፈት ሲል ምላሴን ነከስኩ። ጠቅ፣ ጠቅ። ተራው የእኔ አልነበረም። ጠቅ።

«አክስቴ ትጠብቀኛለች» አለች ጭራሮ በባዕዱ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ።

«ትክክል ነው» አለች እናቷ፣ ወደ ሠላሳኛው አሳለፈቻት።

ሠላሳኛው የጉዞ ትምህርት ነው። እህቴ ሸኚ ናት፣ ተማሪው ተጓዥ። ትኬትሽን ይዘሻል? ይዣለሁ። ሻንጣሽ ከባድ ነው? አይከብደኝም። እዚያ የሚቀበልሽ ሰው አለ? አለ። ጭራሮ እያንዳንዱን መልስ ታዘገየዋለች፣ አምስተኛውን ምት ጠብቃ ነው የምትናገረው። አንድም አልተሳሳተችም። ሁለት ጊዜ ልትሳሳት አስባ ስትተወው እጇ እጄ ውስጥ ሲጨበጥ አውቄያለሁ።

«እንግዲህ መልካም መንገድ» አለች እህቴ በመጨረሻ፣ እውነትም እየተጣደፈች። «ስትደርሺ ጻፊልን።»

«እጽፋለሁ። ደኅና ሁኚ» አለች ጭራሮ።

አለቀ ብዬ ማዳመጫውን ላወልቅ ስል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ያለው፣ በራሳችን ቋንቋ። ገመዱ ያላጸዳው ይሄን ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሽኝት ነው ማባረር? አንዴ ይደገም።»

«አይደገምም!» አለች እህቴ። የክፍሏ ድምፅ አይደለም። የቤቷ ነው፣ ያ ስለታሙ፣ የሚቸኩለው፣ ሁለታችንም የምናውቀው። «ሁሌ ይደገም እንዳልሽ ነው! ሰዓቱን አየሽው? ልጄ በር ላይ ቆማለች። እስካሁን አልቅሳ ይሆናል።»

ጫማዋ ሲሮጥ ተሰማ። በሩ ተላተመ። ከዚያ ዝም።

ያቺን ልጅ ያን ሁሉ ቀን በር ላይ ያቆማት ማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ትምህርት፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይደገም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ዘወር ብዬ ጭራሮን ለማየት አቃተኝ።

ማሽኑ መልስ ይጠብቅ ነበር። ለእሱ ያም አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚናገሩበት ምልክት በርቶ ቆሟል። ቀለበቱ ግን አልመታም። የሚመታው ሰው እየሮጠ ወጥቷል።

«አላለቀስኩም፣ እማዬ» አለች ጭራሮ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «እንደገና እንሞክር፤ ጊዜ አለን» አለ፣ በዚያው ለዛ፣ በዚያው ትዕግሥት።

ጭራሮ ማዳመጫውን አወለቀች። ሽቦውን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው።

«የለንም» አለች።

ከዚያ «ጨርስ» የሚለውን ተጫነች። ገመዱ ክፍል ውስጥ ያለው ማተሚያ ሲያጓራ በግድግዳው በኩል ተሰማ። ተነሥታ ሄደች። እኔ መነሣት አቃተኝ። ከተጠቀለለው ማዳመጫ ውስጥ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ፣ በደስተኛ ድምፅ፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንኳን በደኅና መጣሽ ይላል።

ወረቀቷን ይዛ ተመልሳ ስትመጣ እዚያው ነበርኩ። ውስጥ አልገባችም። ቦርሳዋን አንግታ፣ ፊቷን ጠርጋ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ አክስቴ» አለችኝ። «እስከ መቼ ልጠብቅሽ?»